ስለ ፈረሰው ሰፈርና ስለ ቀረው ደብር

አዲስ አበባ በሰፈር የተመሠረተች ከተማ ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ሠራዊታቸውን ይዘው በየኮረብታው ሲሰፍሩ ስፍራው በየስማቸው ተጠራ፤ የእጅ ጥበብ ያላቸውም በሙያቸው ሠራተኛ ሰፈርን አስጠሩ። ሕዝቡም በአጥቢያው ደብር እየተጠመቀ፣ ሥጋውንና ደሙን እየተቀበለ፣ ሙታኑንም እየሸኘ ኖረ።

ከእነዚህ አድባራት አንዱ በአራዳ የሚገኘው መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው ይህ ደብር በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ቢያቃጥሉትም ከነፃነት በኋላ ታድሶ በአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አጊጧል። ከእርሱም ሳይርቅ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል።

ደብሩና ሐውልቱ ዛሬም አሉ። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና የራስ መኰንን ድልድይ አካባቢ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ተራ ደረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሕንፃው ቆሞ ምእመናኑ ቢበተኑ ቤተ ክርስቲያን ዳነች ሊባል ይቻላልን?

አንዳንዶች «ቤቶቹ ያረጁ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ነበር፤ ከዚያ መውጣት ምን ያስለቅሳል?» ይላሉ። አባባላቸው ሐሰት አይደለም፤ እኛም ቆርቆሮና ጭቃ እናክብር አንልም። ነገር ግን ከቤቱ ጋር ዕድሩ፣ ማኅበሩና ሰንበቴው አብረው ፈርሰዋል። የነፍስ አባትና የነፍስ ልጅ ተለያይተዋል፤ ለታመመ ሌሊት በር የሚያንኳኳው ጎረቤትም ርቋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከስፍራው ቢነሣ በጥንቃቄ ተጠብቆ ኋላ ተመልሷል፤ የተበተነ ጉርብትና ግን እንዲህ ተጠቅልሎ አይቀመጥም።

በካናዳ አገር በሃሊፋክስ ከተማ አፍሪክቪል የሚባል የጥቁሮች መንደር ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በሌሊት ፈረሰ፤ ሕዝቡም ተበተነ። ከተማይቱ በ2010 ይቅርታ ጠየቀች፤ የቤተ ክርስቲያኑም አምሳያ እንደገና ተሠራ። ሕንፃን መመለስ ተችሏል፤ መንደሩን ግን መመለስ አልተቻለም። የእኛ ደብር በመቆሙ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ሆኖም በዚህ ብቻ ልንጽናና አይገባንም።

እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ታቦቱ አብሯቸው ተጓዘ። ነቢዩ ኤርምያስም በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ቤት እንዲሠሩና ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል። ስለዚህ ከአራዳ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቂሊንጦና በመሰሎቹ ስፍራዎች የሚገኙ ካህናት አዲስ መጡን «ከየት ደብር ነህ? የነፍስ አባትህ ማን ናቸው?» ብለው ሊጠይቁት፣ ዕድሩንና ሰንበቴውንም እንደገና እንዲያቋቁም ሊያግዙት ይገባል። የቀድሞው ደብርም የተበተኑ ልጆቹን ስም መዝግቦ በየንግሡ ይጥራቸው፤ የመኳንንቱን ስም አደባባይና ድልድይ ይጠብቀዋል፤ ጸበል ጻዲቁን ስታዘጋጅ የኖረችውን ባልቴት ስም ግን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የሚጠብቅላት የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። የቂሊንጦ ምድርም ባዶ አልነበረም፤ ፎቅ ሳይቆምበት ገበሬ ያረሰው መሬት ነው። ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው እርሻው የተወሰደበትን ወንድሙን ቢረሳ፣ የራሱን ኀዘን ትምህርት ሳያደርገው ቀረ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ደጀ ሰላም አብረው ማዕድ በቆረሱ ቀን ግን አዲስ ሰፈር ተመሠረተ እንላለን።

የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ በያሉበት ያጽናቸው፤ ለእኛም የማይረሳ ልብ ይስጠን፤ አሜን።