የጠመኔዋ ፊደል

ነገሩ የተጀመረው በፊልም ነው። ባለፈው ክረምት አርባ ምንጭ፣ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የአንድ ወዳጄ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን አንድ ያረጀ የጀርመን ፊልም አየን። ርእሱ አንዲት ፊደል ናት፦ «ኤም»። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው፣ ለእሱም የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም ነው። ተመልካቾቹ ሰባት ነበርን። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ የማስረዳው እኔ ነኝ። (አድካሚነቱን የሞከረው ያውቀዋል።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ የጀርመን ከተማ ሕፃናት እየጠፉ ይገደላሉ። ፖሊስ ገዳዩን ፍለጋ መሸታ ቤቱን ሁሉ ሲያምስ የሌቦቹ ገበያ ይቀዘቅዛል። ሌቦቹም ተሰብስበው ሰውየውን ራሳቸው ሊይዙት ይወስናሉ፤ ለማኞችን በየመንገዱ ያሰማራሉ። አንድ ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ገዳዩን በሚያፏጨው የግሪግ ዜማ ያውቀዋል። (ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ፉጨት ስለማይሆንለት ያፏጨው ራሱ ላንግ ነው ይባላል።) አንድ ወጣት መዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» ብሎ ይጽፍና የተንሸራተተ መስሎ የሰውየውን ትከሻ ይመታል። ፊደሏ በጀርመንኛ ለ«ነፍሰ ገዳይ» መነሻ ናት። ሰውየው ተይዞ አንድ የተዘጋ የአረቄ ፋብሪካ ምድር ቤት ይወሰዳል። ችሎት የተቀመጡት ሌቦቹ ናቸው። እሱም ተንበርክኮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከውስጡ የሚያሳድደው ነገር እንዳለና ሊያመልጠው እንዳልቻለ እየጮኸ ይናገራል።

የእኛም ችሎት የተከፈተው ያኔ ነው።

«ምን ያስለፈልፉታል? አይጨርሱትም?» አለች የሁለት ልጆች እናት የሆነች የወዳጄ ጎረቤት።

ጡረታ የወጡ መምህር አብረውን ነበሩ። «ፈራጆቹን አየሻቸው የኔ ልጅ? ሰብሳቢው ራሱ እኮ ነፍስ አጥፍቶ የሚፈለግ ነው» አሏት።

«ይሁና ጋሼ! ልጄን የገደለብኝን ሰው ማን ፈረደበት ብዬ አልጠይቅም።»

ክርክሩ ከእኛ አልጀመረም። ጎብልስ ፊልሙ በወጣበት ሰሞን አይቶት በማስታወሻው አድንቆታል፤ የተረዳው የሞት ቅጣትን እንደሚደግፍ አድርጎ ነበር። ላንግ ደግሞ የሞት ቅጣትን የሚቃወም ሰው ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፊልሙን አገዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ግን ያንን የገዳዩን ኑዛዜ ቆርጠው በአይሁድ ላይ በሠሩት የጥላቻ ፊልም ውስጥ ከተቱት። ሎሬ አይሁዳዊ ነበርና። በትወና የለበሰውን ወንጀል የዘሩ አደረጉት።

ስለ ደቦ ፍርድ ስንከራከር ሁላችንም ቶሎ የምንመዛት ጥያቄ አለች፤ «ንጹሕ ሰው ቢሆንስ?» የምትል። ላንግ ይህቺን ከእጃችን ነጥቆናል። ሰውየው ገዳይ ነው፤ ያውም የሕፃናት ገዳይ። ታዲያ ጥፋቱ ካላጠራጠረ የቀረው ምንድን ነው?

መምህሩ የመለሱት በአገራቸው ነገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቆጥተው በከተማው ባለ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ላይ ሊነሡ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ አይኬድም።

«እዚያ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሣር የያዘ ሰው ጠፋ» አሉ መምህሩ።

«እዚህ የዳኑት እኮ ምንም ያላደረጉ ሰዎች ናቸው» አለች እናትየው። «ለነፍሰ ገዳይ ቢሆን ይንበረከኩ ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህሩም ጥቂት ዝም አሉ። በኋላ፣ «ሣሩ ለባለንብረቱ ብቻ መሰለሽ? ለልጆቹም ነው። ማታ ወደ ቤታቸው ምን ሆነው ይገቡ ነበር?» አሏት። እሷ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተረታችም። በበኩሌ መልሱን ወደድኩት፤ ግን ልጁን ላጣ ሰው እንዲህ ብዬ ፊቱ ላይ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

እኔ ዝም ያልኩበት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ገበያ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰምቼ ከሚሮጠው ጋር ሮጫለሁ። ልጁ ወድቆ ነበር። አንድ ጊዜ በእግሬ ረገጥኩት፤ ጎኑ ላይ። የሰው ስልክ ከኪሱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር «ምን ላድርግ፣ ሌባ ነበር» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። በዚያው ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ለተቀመጥኩበት ስብሰባ የሦስት ቀን አበል ፈርሜ መቀበሌን ከልጁ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ያገናኘሁት ያን ምሽት፣ ሌቦቹ ምድር ቤት ውስጥ ተደርድረው ሲፈርዱ ሳይ ነው። ልጁ ከዚያ ተነሥቶ ይሂድ አይሂድ ሳላይ ነው የሄድኩት።

ፊልሙ ሲያልቅ ፖሊስ ምድር ቤቱን ይደርስበታል። ከዚያ እውነተኛው ፍርድ ቤት ይታያል፤ ፍርዱ ግን አይሰማም። ጥቁር የለበሱ እናቶች ብቻ ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንዷም ይህ ሁሉ ልጆቻችንን አይመልስልንም፣ ልጆችን በደንብ መጠበቅ ነው ትላለች።

«ፍርዱስ?» አለችኝ ጎረቤቲቱ።

«አይናገርም» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ልጆቿ ብቻቸውን እንደሆኑ ተናግራ ወጣች። በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ አገኘኋት። ፉጨቱ ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዋ እንዳልወጣ ነገረችኝ። «ግን» አለች፣ «አሁንም አይገደል አልልም።»