ማን ፈራጅ አደረገኝ?

አንበሳሜ ላይ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንዲት ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ውሃ ትወርደዋለች፤ መሃል ገብቼ «ቡ»ን ስጠቁማት ግን ከ«በ» ተነስታ በዜማ ቆጥራ ነው የምትደርስበት። ታዲያ ታውቃለች ይባላል?

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ብልህ ናቸው፤ ከፊደል ቆጠራ ቀጥሎ አቡጊዳ ያስቆጥራሉ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ቅደም ተከተሉ ይሰበራል፤ ዜማውን ብቻ የሸመደደ እዚያ ላይ ይያዛል። ችግሩ የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ወላጅ «ስንተኛ ወጣች?» ይለኛል። እኔ ግን ደረጃ ልሰጣት አልጠየቅኋትም። የሰውን አለማወቅ መግለጥ የሚፈቀደው፣ በእኔ እምነት፣ ነገ «ቡ»ን ለሚያስተምራት ብቻ ነው። ያለዚያማ ገመና መግለጥ ነው።