ሕመም የበደል ቅጣት ነውን? የደም ካንሰር ዘረመል ጥናት የሚመልሰውና የማይመልሰው

ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር የሚነሳው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካለች አንዲት ሕዋስ ነው። በዚያች ሕዋስ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። በመጋጠሚያው የተገናኙት ሁለት ዘረመሎች ዕረፍት የማያውቅ ኢንዛይም ይፈጥራሉ፤ ሕዋሷም ያለ ልክ ትባዛለች። በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ማይክሮሊትር ከ11,000 ብዙም የማይበልጡት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ ከ100,000 ያልፋሉ፤ ከግራ ጎድን ሥር ያለው ጣፊያም ያብጣል። አጥሮ የቀረውን 22ኛ ክሮሞዞም ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1960 አሳወቁ፤ ነገሩ ልውውጥ መሆኑን የቺካጎዋ ጃኔት ሮውሊ በ1973 አሳዩ።

ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ምን በድዬ ነው?» በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ የተሰጣቸው መልስ ሰውየውንም ወላጆቹንም ነጻ ያወጣል። የዘረመል ጥናት ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ሊናገር አይችልም። የዘር እርግማን ነው የሚለው ግምት ግን በዚህ በሽታ ቦታ የለውም፤ ለውጡ ከወላጅ አይወረስም፣ ለልጅም አይተላለፍም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው አጋላጭ ከፍተኛ ጨረር ነው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ በተረፉ ሰዎች ላይ በሽታው በዝቶ ታይቷል፤ በዚያ በደል ካለም የታማሚዎቹ አይደለም።

ስሕተቱ ያለበት ቦታ መታወቁ ለሕክምናው በር ከፈተ። ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ኢንዛይሙ ኃይል የሚያገኝበትን ክፍተት ገብቶ ይዘጋል። ብራየን ድራከር በ1998 በሰው ላይ በጀመሩት ሙከራ በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ልክ ተመለሰ። አሜሪካ መድኃኒቱን በ2001 ፈቀደች።

ሕመሙን ቅጣት አድርጎ የሚያይ ሰው ፈውሱንም ከይቅርታ ብቻ ይጠብቃል፤ ጸበል ሲገባም እንክብሉን እምነት ማጉደል አድርጎ ሊያቋርጠው ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግን ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጣሪ ሥራ አድርጎ ይቆጥራል፤ ጸሎትንና ሕክምናን ማጣላት ከዚህ ትምህርት ጋር አይሄድም። ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒት ሲቋረጥ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ በሽታውም ያገረሻል። ስለዚህ የሚጠመቅ ታማሚ እንክብሉንም መዋጥ አለበት፤ ይህንንም ከሐኪሙ በፊት የንስሐ አባቱ ሊነግሩት ይገባል።