ስድስቱን ተዪና ሦስቱን ቅመሺ

ልጄ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ናፓና ሶኖማ ልትሄዱ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ከኦክላንድ አንድ ሰዓት ቢነዳ የሚደረስበት የወይን አገር ነው። ዕድሜውን እዚህ አሳልፎ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ያላለበት የእኛ ሰው ግን ብዙ ነው። እናንተ ማሰባችሁ ጥሩ ነው። የላክሽልኝን ዝርዝር ሳየው ግን ትንሽ ሰጋሁ። በአንድ ቀን ስድስት የወይን መጥመቂያ፣ ስድስት ዋይነሪ? አታዳርሱትም ማለቴ አይደለም፤ ታዳርሱታላችሁ። ነገር ግን አራተኛው ላይ ምላስሽ ይደነዝዛል፣ አምስተኛው ላይ ሁሉም አንድ ይሆንብሻል፣ ስድስተኛውን ማታ አታስታውሺውም። ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። በናፓ ለአንድ ሰው ቅምሻ 40 ዶላርና ከዚያ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። በቀን ሦስት ይበቃችኋል። ሁለትም ቢሆን አይከፋም።

ቤቶቹን ከመምረጣችሁ በፊት ሾፌሩን ምረጡ። ይህን ደጋግሜ ብነግርሽ አትሰልቺኝ። በየቤቱ የሚቀዳላችሁ ትንሽ ነው፤ ግን አራት አምስት ዓይነት ስለሆነ ተደምሮ አንድ ብርጭቆ ይሞላል፣ አንዳንዴም ያልፋል። የናፓ ቀይ ወይን ደግሞ ብዙ ጊዜ አልኮሉ ከ14 በመቶ በላይ ነው። «እኔ እኮ ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም» የሚል ሰው ሳያውቀው ከሕጉ መስመር ያልፋል። የካሊፎርኒያ ሕግ መስመሩን በደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ላይ አስምሯል። እኔ የምልሽ ግን፣ የሚነዳው ሰው ጨርሶ አይቅመስ። «በሞቴ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» እንዳትሉት አደራ። የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በዚህ መሆኑን አውቃለሁ። መሪ ለሚይዝ ሰው ግን ፍቅር አይሆንም። ሁላችሁም መቅመስ ካማራችሁ አዋጡና መኪና ከነሾፌሩ ተከራዩ።

አሁን ወደ ቤቶቹ ልምጣ። ጠዋት በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካሊስቶጋ ውጡና ከሽራምስበርግ ጀምሩ። በ1862 የተመሠረተ ቤት ነው። ዋሻ የሚያስጎበኘውን ቀጠሮ ያዙ፤ ቀደምቶቹን ዋሻዎች የቆፈሩት ቻይናውያን ሠራተኞች ናቸው። የቤቱ ሥራ አረፋ ያለው ወይን ነው። ጠጅ በጋን ሲፈላ አይተሻል፤ ትንፋሹ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ግን ወይኑ ከስኳርና ከእርሾ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ እንደገና ይፈላል፤ ትንፋሹ መውጫ ያጣና ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ጥቂት ጥቂት እየዞረ አተላው ወደ አንገቱ ይወርዳል። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ ቤጂንግ ላይ ጽዋ ሲያነሱ የተቀዳው የዚህ ቤት ወይን ነበር። አረፋ ያለውን በጠዋት፣ ምላስሽ ገና ንጹሕ ሳለ ቅመሺው።

ሁለተኛው እዚያው ካሊስቶጋ ያለው ሻቶ ሞንቴሌና ይሁን። ሦስተኛው በሲልቨራዶ ትሬይል ስትመለሱ የምታገኙት ስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ ነው። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው አንድ ቀን ነው። በግንቦት 1976 ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳውያን ቀማሾች የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን ስማቸው ተሸፍኖ ቀመሱ። ከነጮቹ ወይኖች የሞንቴሌና የ1973 ሻርዶኔ፣ ከቀዮቹ የስታግስ ሊፕ የ1973 ካበርኔ አንደኛ ወጡ። እንግዲህ ልብ በይ፤ ቀማሾቹ ስሙን ቢያዩት ኖሮ እንዲያ የሚፈርዱ አይመስለኝም። አንቺም ስትቀምሺ ስሙንና ዋጋውን ለጊዜው እርሺው። ስታግስ ሊፕን ስትፈልጊ ደግሞ አድራሻውን አጣሪ። እዚያው ሰፈር ስሙ አንድ ለማለት ጥቂት የቀረው ሌላ ዋይነሪ አለና ቀጠሮ ያልያዛችሁበት በር ላይ እንዳትቆሙ።

በሌላ ቀን ሶኖማ ሂዱ። ናፓ ስሙ ስለገነነ ብዙ ሰው ሶኖማን ይተዋል፤ ይህ ልክ አይመስለኝም። ፓሪስ ላይ ያሸነፈው ሻርዶኔ እንኳ አብዛኛው ፍሬ የመጣው ከሶኖማ ነበር። ከ1858 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለውን ጉንድላክ ቡንድሹን እዩ፤ ገውርዝትራሚነር የሚባለውን ነጭ ወይናቸውን ጠይቁ። ቀን ከተረፋችሁ ወደ ሂልድስበርግ ወጥታችሁ በሪጅ ሊተን ስፕሪንግስ ዚንፋንዴል የሚባለውን ቀይ ወይን ቅመሱ። ሁለቱ ይራራቃሉ፣ አትጣደፉ።

ስትቀምሺ ብርጭቆውን ከሆዱ ሳይሆን ከእግሩ ያዢ። አዙሪው፤ መጀመሪያ አሽቺው። ትንሽ ጎንጪና አፍሽ ውስጥ አንሸራሽሪው። ድድሽንና ጉንጭሽን የሚያደርቅ፣ የሚያኮማትር ነገር ከተሰማሽ ታኒን የሚሉት እሱ ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣ ነው። ከዚያ ትፊው። በእኛ ዘንድ ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው፤ እዚያ ግን መትፊያው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። የቀረውንም ብትደፊው ቀጂው ቅር አይለውም። ደግሞ ሽቶ ተቀብታችሁ አትሂዱ፤ የሌላውንም ሰው አፍንጫ ይበጠብጣል። ወይኑን በወደድሽው ቁጥር ስሙንና ዓመቱን እዚያው ጻፊ። ማታ እጽፋለሁ ያለ አይጽፍም።

ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ፣ ውሃም ያዙ። ከውጭ የመጣ ምግብ የማያስገቡ ቤቶች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጊዜውን በተመለከተ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እስከ መስቀል ያለው ወቅት መልካም ነው። ያኔ ወይኑ ይለቀማል፣ መፍያውም ሥራ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ይጨናነቃል። ማክሰኞና ሐሙስ ቢሆን መንገዱም ሰው አይበዛበትም፣ ጿሚዎቻችሁም አይቸገሩም።

ስትገዢ የራስሽን ማዕድ አስቢ። ታኒኑና አልኮሉ የበረታ ካበርኔ በበርበሬ ላይ ሲመጣ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ለዶሮ ወጥ የጉንድላክ ገውርዝትራሚነር ወይም አረፋ ያለው ይሻላል። ዚንፋንዴሉን ለጥብስ አስቀምጪው፤ ካበርኔውንም ሚጥሚጣ ለማይበዛበት ሥጋ። የገዛሽውን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥለሽ አትግቢ፤ ሙቀት ወይኑን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ሲያስተናግዱሽ ቆይተው የወይን ክለብ ፎርም ያቀርቡልሽ ይሆናል። ደግነታቸው ልብ ያራራል፣ ወይኑም ፊርማውን ያቀለዋል። ክለቡ ግን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ወይን እየላከ ከካርድሽ የሚቆርጥ ውል ነው። «ቤቴ ሄጄ አስብበታለሁ» ብለሽ በትሕትና አመስግነሽ ውጪ። ከሳምንት በኋላም ወይኑ አሁንም ካማረሽ ያን ጊዜ ደውለሽ ግቢበት።