ጥሬ ነው ወይስ አላወቅነውም?

የሮክ ሙዚቃ ሐያስያን «ጥሬ» የምትል ቃል ይወዳሉ። ጨለማና ሞት በማይለየው ጎቲክ ሮክ የታወቀው የእንግሊዙ ባውሃውስ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጎ አዌይ ኋይት» የተባለውን አልበም ሲያወጣም ይህችው ቃል መጣች። አልበሙ በ18 ቀን የተቀረጸ ነው፤ ሻካራ ነው። አንዱ ሻካራነቱን ሐቀኝነት አለው፣ ሌላው አለመብሰል። «አይችሉም» ያለ ግን የለም። መርጠው እንዳደረጉት ሁሉም አመነላቸው።

እስቲ አሁን ወደኛ ሰው እንምጣ። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። ዘ ኤክስ የተባለውን የሆላንድ ፐንክ ባንድ አምስተርዳም ላይ ሰምተው ራሳቸው መረጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» አብረው አወጡ። የውጭ ሰዎች አጨዋወታቸውን ሲሰሙ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ትዝ አላቸው። ጥሬ፣ ያልተገራ እያሉም አደነቁ።

ያልተገራ? ሽለላ እኮ ሥርዓት አለው! አገባብ አለው፣ አወጣጥ አለው፣ የድምፅ አረጋገጥ አለው። ሥርዓቱን የሳተ ሸላይ መሳቂያ ነው። ጋሽ ጌታቸው ይህንን ሁሉ በትንፋሻቸው ወደ ናስ ያስገቡ ባለሙያ ናቸው። ጥሬ ሥጋ እንኳ ሙያ የሚጠይቅ አይደል? ብልቱን የሚያውቅ፣ አቆራረጡን የሚችል፣ አዋዜውን የሚያሰናዳ ይፈልጋል። ከእሳት ስላልገባ አልተሠራም ማለት አይደለም።

«ሊያመሰግኑ ብለው እኮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ምስጋናም ይበድላል። ሰውየው አስቦ የሠራውን «ከውስጡ ፈነዳ» ካልነው ስሜቱን ሰጥተን አእምሮውን ወሰድንበት። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ፉከራና ሽለላ የጽሑፍ ግጥም «ጥሬ ዕቃ» ናቸው ሲባል ስንቴ ሰማሁ! ባላገሩ ቆፍሮ ያወጣል፣ የተማረው ይሠራል እንደማለት ነው።

በደሉ ጆሮ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ኪስም ይገባል። እኔ በምኖርበት በዋጫም ሆነ በቦንጋ ዙሪያ ከደን የሚለቀመው ቡና ውጭ አገር «የዱር ቡና» ተብሎ ይሸጣል። ስም ነው፣ ያምራል። ግን ያ ደን ሥሩን የሚመነጥር፣ ጥላውን የሚጠብቅ፣ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ አለው። ዱር በራሱ አበቀለው ካልን፣ ለገበሬው ልፋት ማን ይከፍላል?

ሻካራ ሁሉ ሙያ ነው አልልም። ሳይለማመድ ስቱዲዮ ገብቶ «ጥሬ ነው» የሚል ሰነፍም ሞልቷል። ሰነፉን ከባለሙያው ለመለየት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ይህን ነገር ማን ሠራው? ከማን ተማረው? ለባውሃውስ ሳንጠየቅ የሰጠነውን «መርጦ ነው» የሚል እምነት ለሸላዩና ለቡና ለቃሚው የምንነፍገው ለምንድነው?