ፍርሃትን በገንዘብ ስለ መግዛት

ሰው ከሚያስፈራው ነገር ይሸሻል፤ ይህ የፍጥረት ጠባይ ነው። እንስሳም እንደዚሁ ይሸሻል። ነገር ግን ተራ ጠብቆ፣ ዋጋ ከፍሎ የሚፈራ ከሰው በቀር አልታየም። በመዝናኛ ሥፍራ የሚገኘው ሮለር ኮስተር የሚባል ሰረገላ ለዚህ ምስክር ነው። ሰውን በወንበር ላይ አሥሮ፣ እንደ ተራራ ወደ ተሠራ ሐዲድ ጫፍ አውጥቶ፣ ቁልቁል ይለቀዋል። ተሳፋሪው ይጮኻል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በወረደ ጊዜ ግን ይስቃል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ይህ ስለ ምን ይሆናል? ነውርስ አለበትን?

ጨዋታው የዛሬ አይደለም። አስቀድሞ በመስኮብ አገር ሰዎች በክረምት ከእንጨት ከፍ ያለ ቁልቁለት ሠርተው፣ ውሃ አፍስሰው፣ በረዶ በሆነ ጊዜ ይንሸራተቱበት ነበር። በ1817 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ከተማ ይህንኑ በመንኰራኵር ሠርተው «የመስኮብ ተራሮች» አሉት። መስኮቦች ግን ዛሬ ይህን ሰረገላ «የአሜሪካ ተራሮች» ብለው ይጠሩታል፤ እንዲህ ያለውን እብደት ከራሱ አገር የወጣ ነው ብሎ ለመናገር የሚደፍር እንደሌለ ያስመስላል። በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ በ5 ሳንቲም የሚያሳፍር ሐዲድ ዘረጋ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ ይቀድመዋል። ሕዝቡ ግን እጅግ ተሽቀዳደመበት። በ2010 በአቡ ዳቢ የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከ10 እስከ 240 ያለው መንገድ የሚያሳየው ፍርሃት እንደ ልብስ የሚያልቅ መሆኑን ነው፤ አባቶችን ያስጮኸ ቁልቁለት ልጆችን ያስተኛል።

ስለ ምን ይፈራል፣ ሰረገላው እንደማይጥለው ያውቅ የለምን? ቢሉ፤ ልቡና ያውቃል፤ ሥጋ ግን አያምንም። በጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል «ወድቀሃል» ይላል፤ ከኵላሊት በላይ ያለው እጢ አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨብጣል። ዕውቀት ይህን ሁሉ ለመከልከል ሥልጣን የለውም። በዚያች ጥቂት ጊዜ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ሞት መጣብኝ ይላል፣ ሁለተኛው ይመለከተዋል። ሳቁም የሚመጣው ሁለቱ በታረቁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንዳንዶች «በዚህ ድፍረት ይገኛል» ይላሉ። ይህ ግን አይቀናም። ድፍረት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ወዳጅ፣ ስለ እውነት። ተላላፊ በሽታ ከያዘው ሰው አልጋ አጠገብ የማይለየው አስታማሚ ደፋር ነው፤ የሚጠብቀው ቁርጥ ያለ መጨረሻ የለውምና። ባለ ሰረገላው ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደሚወርድ ያውቃል። «ፈሪ ለእናቱ» የተባለውም ፍርሃት ሰውን ለቤቱ የሚያተርፍ ጠባቂ ስለ ሆነ ነው።

አንድም፤ በገዛ ፍርሃት መጫወት የስሜት ብልሽት ነው የሚሉ አሉ። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሰው በራሱ ላይ እንዲደርስ የማይወደውን ኀዘን በቲያትር አይቶ ደስ የሚለው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ይነቅፈዋልም። ነቀፋው በዚያ ይገባ ይሆናል፤ ተመልካቹ የሚደሰተው በሌላው ሰው ሕማም ምስል ነውና። በሰረገላው ላይ ያለው ግን የማንንም መከራ አይመለከትም፤ የሚጫወተው በራሱ ሥጋ ነው።

ይልቅስ ለነገሩ የሚቀርበው ምሳሌ ሕፃን ነው። አባት ልጁን ወደ ላይ ወርውሮ ይቀበለዋል፤ ሕፃኑ ይጮኻል፣ ይስቃል፣ «ድገመኝ» ይላል። ሰሙ ፍርሃት ነው፤ ወርቁ ግን ከታች የተዘረጋው እጅ ነው። ያ እጅ ባይኖር ጩኸቱ ሌላ ጩኸት በሆነ ነበር። ስለዚህ የሰረገላው ተሳፋሪ የሚገዛው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እምነትንም ይገዛል፤ ስሙን የማያውቀውን ሰው አምኖ ይቀመጣል።

የነገሩ ክብደት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1919 ከሐዲዱ በታች የሚይዙ መንኰራኵሮችን የባለቤትነት መብት ስላገኘባቸው ሰረገላው ከሐዲዱ ተነሥቶ እንዳይበር ሆነ፤ ተሳፋሪው ግን አያያቸውም። ሐዲዱም በክፍል የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ክፍል አንድ ሰረገላ ሳለ ሁለተኛው እንዳይገባ መሣሪያ ይከለክላል። በእንግሊዝ አገር አልተን ታወርስ በተባለው መዝናኛ በሰኔ 2 ቀን 2015 መሣሪያው እንደ ሥርዓቱ ሰረገላውን አቁሞት ሳለ፣ ሠራተኞች በፊቱ የቆመውን ባዶ ሰረገላ ሳያዩ መሣሪያው የተሳሳተ መስሏቸው በእጃቸው ለቀቁት። ተጋጨ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ። ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ በ2016 የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተፈረደበት።

በዚያን ቀን የተሳፈሩት የከፈሉት ለፍርሃት ጥላ ነበር፤ የተሰጣቸው ግን አካሉ ነው። እነርሱን የሚወቅስ ዳኛ አይገኝም፤ የሚገዛው እንዲጫወት ተፈቅዶለታልና። ሻጩ ግን መጫወት አልተፈቀደለትም። ተሳፋሪው ያለ ስጋት እንዲፈራ ሌላ ሰው በእውነት መስጋት አለበት፤ ይህ ስጋት በገንዘብ ቢከፈልም በገንዘብ ብቻ አይገኝም፤ ማንም ሳያየው የላላ ብሎን የሚፈልግ ኅሊና ያስፈልገዋል። በደንብ በሚተዳደሩት ሥፍራዎች ይህ ሥራ በየጧቱ በር ሳይከፈት ይደረጋል፤ ሠራተኞች ሐዲዱን ይመረምራሉ፤ ከዚያም ሰረገላው ባዶውን ተራራውን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሚጮኽበትም የለም።