ገበሬው ጠቅላይ ሚኒስትር

ኧርነስት ቻርልስ ድሩሪ ከ1919 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ብዛት ከካናዳ ግዛቶች ቀዳሚ የሆነችውን ኦንታሪዮን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመራ ገበሬ ነው። የሥልጣን ዘመኑ አጭር ነው፤ ነገር ግን ስለ እንደራሴነት የሚነሣ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንደ እሱ የተፈተነበት ሰው ጥቂት ነው። ገበሬ በመሆኑ የተመረጠ ሰው ሥልጣን ከያዘ በኋላ የማን ነው? የላኩት ወገኖቹ ወይስ የመላው ሕዝብ?

ድሩሪ በ1878 ባሪ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ክራውን ሂል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱም ገበሬ ነበር፤ በ1888 የኦንታሪዮ የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር ሆኗል። ልጁም በግዛቱ የእርሻ ኮሌጅ ተምሮ በ1900 ተመረቀና ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። ስለዚህ ከሞፈርና ቀንበር በቀጥታ ተነሥቶ ወንበር ላይ የወጣ አድርጎ መሳሉ ተረት ነው። አገር ከጥፋት አድኖ ወዲያው ወደ እርሻው ስለተመለሰው ሮማዊ ሲንሲናተስ የሚነገረውም ታሪክ እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ሲንሲናተስ ቶሎ ስለተመለሰ ጥያቄው አልደረሰበትም።

በ1914 ድሩሪና ጓዶቹ «የኦንታሪዮ የተባበሩት ገበሬዎች» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የገበሬው ቅሬታ ሥር የሰደደ ነበር። በውጭ ዕቃ ላይ የተጣለው ከፍተኛ ቀረጥ የእርሻ መሣሪያውን ዋጋ ያስወድድበታል፤ ልጆቹ ከተማ ከተማውን እያሉ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ትዕግሥቱን ያሟጠጠው ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምልመላ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1917ቱ ምርጫ ዋዜማ የገበሬ ልጆች ከግዳጅ ውትድርና ነፃ እንደሚሆኑ ቃል ገብቶ፣ በ1918 ጸደይ፣ ልክ በዘር ወቅት፣ ቃሉን አጠፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ኦታዋ ድረስ ሄደው አቤት ቢሉም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በጥቅምት 1919 በተካሄደው የግዛቱ ምርጫ የገበሬዎቹ ማኅበር፣ ራሱ እንኳ ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ከማንም ይበልጥ ብዙ ወንበር አገኘ። አሸናፊዎቹ መሪ አልነበራቸውም። የማኅበሩ ጸሐፊ ጄ. ጄ. ሞሪሰን ሥልጣኑን አልፈልግም ስላለ ዕጣው ለድሩሪ ወጣ። ድሩሪ በዚያ ምርጫ አልተወዳደረም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በማሟያ ምርጫ ወንበር አገኘ። ለብቻው መግዛት ስላልቻለም ከሠራተኞች ፓርቲ ጋር ተጣመረ።

የተመረጠው የማን ነው የሚለው ክርክር የተጀመረው ከድሉ ማግሥት ነው። በአንድ ወገን የሌላዋ የካናዳ ግዛት የአልበርታ ገበሬዎች ማኅበር መሪ የሄንሪ ዋይዝ ውድ ትምህርት ነበር። ውድ ሰው ከውድድር ወደ ትብብር እንደሚያድግ እንደ ሃይማኖት የሚያምን ሰው ነው። እንደ እሱ አሳብ ፓርቲ የሚባለው ነገር የተለያየ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ስም ሸፍኖ የሚያታልል ነው፤ ይልቅ ገበሬው በገበሬነቱ፣ ሠራተኛው በሠራተኛነቱ፣ ነጋዴውም በነጋዴነቱ ተደራጅቶ ምክር ቤት ይግባና ፊት ለፊት ይደራደር። ሞሪሰንም ወደዚህ አሳብ ያዘነብል ነበር። አሳቡ ሐቀኝነት አለው፤ ማንም የራሱን ጥቅም የአገር ጥቅም ነው ብሎ እንዲያስመስል አይፈቅድም። ጉድለቱ ደግሞ ማን ይዳኝ ለሚለው መልስ አለመስጠቱ ነው። ውድ ራሱ ማኅበሩ በ1921 አልበርታን ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን አልወሰደም።

ድሩሪ ግን በዳኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የኦንታሪዮ ሕዝብ ከተሜ ሆኖ ነበር፤ ገበሬው ለገበሬ ብቻ ልግዛ ቢል ጥቂቱ ብዙውን ይገዛል ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በሩን ለከተማ ሰውም ከፍቶ የሕዝብ ፓርቲ ይሁን አለ። መንግሥቱም ልጆች የሚያሳድጉ ችግረኛ እናቶች አበል እንዲያገኙ ደነገገ፤ ለሴት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ አቋቋመ፤ ከጋብቻ ውጭ ስለሚወለዱ ሕፃናት ሕግ አወጣ፤ የመንግሥት የቁጠባ ባንክም ከፈተ። ከባንኩ በቀር እነዚህ ለገበሬው የተለየ ጥቅም የታሰቡ አይደሉም። ሞሪሰንና ተከታዮቹ ይህን ክህደት አሉት። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ድሩሪ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ የላኩትን ሰዎች የበደላቸው ነገር አንድ ወገን ለራሱ ብቻ መግዛቱ ከነበረ፣ ያንኑ መልሶ መሥራት ፍትሕ ሊባል አይችልም።

የሚገርመው፣ ይህን ያህል አጥርቶ ያየውን ነገር በሃይማኖት በኩል አላየውም። ድሩሪ የአልኮልን መከልከል ከልቡ የሚደግፍ ጽኑ ሜቶዲስት ነበር። እገዳው በ1916 ከእሱ በፊት ወጥቷል፤ በ1919 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ብዙኃኑ አጽድቆታል። የእሱና የዐቃቤ ሕጉ የዊልያም ራኒ ድርሻ ሕጉን በጽናት ማስፈጸም ነው። በዲትሮይት ወንዝ ዳር፣ በዊንዘር አካባቢ፣ የመጠጥ ኮንትሮባንድ ሲጦፍ መንግሥቱ ጄ. ኦ. ኤል. ስፕራክሊን የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ልዩ ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመ። ሰባኪው በኅዳር 1920 ለፍተሻ ወደ አንድ የመጠጥ ቤት ገብቶ ባለቤቱን በጥይት ገደለ። ራሴን ለመከላከል ነው ብሎ በፍርድ ቤት ነፃ ወጣ። የመድረክ ሰባኪ ሽጉጥ ታጥቆ መጠጥ መበርበሩ ግን ደጋፊውንም ሳይቀር አስደነገጠ።

የድሩሪ መከራከሪያ ቀላል አልነበረም፤ መጠጥ የሰካራሙን ሚስትና ልጆች ይጎዳል፤ መንግሥትም ደካማውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናቶችን የረዳበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሆኖም የእናቶችን አበል የማይፈልግ ሰው ምንም አይገደድም፤ እገዳው ግን የአንድን ምእመን የኑሮ ሥርዓት ያንን እምነት በማይከተለውም ላይ ይጭናል። የድምፅ ብልጫ ይህን ልዩነት አያጠፋውም። የገበሬ ወገንተኝነቱን ከበር ውጭ ለመተው የታገለ ሰው የምእመንነቱን ወገንተኝነት ይዞ ገባ። ይህኛው ወገንተኝነት ለባለቤቱ ጽድቅ ስለሚመስለው ሊታየው አይችልም።

በሰኔ 1923 ምርጫ የሃዋርድ ፈርጉሰን ኮንሰርቫቲቮች አሸነፉ፤ ድሩሪም የራሱን ወንበር ጭምር አጣ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፦ የማኅበሩ መከፋፈል፣ ለመንገድ ሥራ የወጣው ወጪ፣ የመጠጡ ሕግ ያስከተለው ምሬት። ፈርጉሰን በ1927 እገዳውን አንሥቶ መጠጥ በመንግሥት ሱቅ እንዲሸጥ አደረገ። የእናቶቹ አበልና የቁጠባ ባንኩ ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቆይተዋል። ድሩሪ ወደ ክራውን ሂል ተመለሰ፤ በኋላም የሲምኮ አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ ለረጅም ዘመን አገለገለ። የሕይወት ታሪኩን በ1966 አሳትሞ በ1968 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።